ቀይ አፈር የወለደው

ሽማግሌው ድንጋይ ጠራቢ ምድጃውን ሊያፈርስ የድንጋይ መዶሻውን ሲያነሣ ምራቱ ክንዱን ያዘችው።

«አባባ፣ ከላይ አይምቱት፤ ይናድብናል። በታች በኩል ነው የሚከፈተው።»

«ተከፍቶስ ምን ሊወጣው ነው? ስድስት ጊዜ ከፍተሽ ስድስት ጊዜ አመድ ነው ያሳየሽን።»

ላብና ጥላሸት ፊቷን አዥጎርጉሮታል። ባሏ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ ከቆዳ የተሰፋውን ወናፍ እንዳቀፈ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ታላቋ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ሲነፋ ክንዱ ዝሏል። አሁን ታናሿ ፀሐይም ተከትላ ወጥታ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥላ ሰጥታቸዋለች።

ምራቱ ሸክላ ሠሪ ናት። አንድ ቀን ቀይ አፈር የቀባችውን ገንቦ ስትተኩስ ከምድጃው ሥር ጥፍር የምታህል ግራጫ ፍንካች ተጣብቃ አገኘች፤ በድንጋይ ብትመታት አልሰበር አለች። ከዚያ ወዲህ ቀይ አፈር በከሰል ስታነድ እንቅልፍ የላትም። በአገሩ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በቅድመ አያቶች ዘመን ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ የተሠራው የአለቃው ቢላ። «የሰማዩ ድንጋይ እግራችን ሥርም አለ» ብትል ሰፈሩ ሳቀባት፤ ስሟንም ከሰል ፈጅ አላት። አማቷ ለልጁ ሲል ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ዛሬ ጠዋት ግን ነገር መረረ። ምንጩ ከደረቀ ከርሟል። ሰው ሁሉ ተስፋ የጣለበት፣ በግቢው ጫፍ የሚቆፈረው ጉድጓድ ደግሞ ጥቁር አለት ላይ ደርሶ ቆመ። ሽማግሌው የጠረበው ባልጩት ሁሉ እዚያ አለት ላይ ተሰባብሮ አለቀ። የሰፈሩ አዛውንቶችም ተቀምጠው ቆረጡ፤ በሦስት ቀን ውኃ ካልተገኘ ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ረጃጅሞቹ አገር ይወርዳል። ረጃጅሞቹ ቁመታቸው የሰው ሁለት እጥፍ ነው። ውኃ አይነፍጉም፤ ነገር ግን ውኃቸውን የጠጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ያገለግላቸዋል።

«እሺ፣ በታች በኩል ይሁን» አለ ሽማግሌው። «ግን ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

ምራቱ ጭቃውን በእንጨት ፈልፍላ ከፈተችው። ወላፈኑ ሦስቱንም ወደ ኋላ ገፋቸው። መጀመሪያ እንደ ማር የሚዝለገለግ ቀይ ቆሻሻ ፈሰሰ። ሽማግሌው «አላልኩሽም?» ሊል አፉን ሲከፍት፣ የበግ ጭንቅላት የሚያህል ጓል ተንከባሎ ወጣ። የተበሳሳ ነው፤ መልክም ቅርጽም የለው። ቀለሙ ግን የታላቋ ፀሐይ ቀለም ነበር።

«ይምቱት፣ አባባ» አለች። «ሳይበርድ። እንደ እርስዎ መምታት የሚያውቅ የለም።»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ድንጋይ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ድንጋይ ሲመታ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይፈረካከሳል፤ ሦስተኛ መልስ የለውም። ልጁ ጓሉን በሁለት እርጥብ እንጨት ያዘለት፤ እሱም መታ። ፍንጣሪው እንደ ተነካ የንብ መንጋ ተነሣ። ጓሉ አልተሰነጠቀም፤ እሺ ብሎ ጎደጎደ።

ደገመ። ቆሻሻው ከጎኑ ረገፈ፤ ጓሉ እንደ ሊጥ ተለጠጠ። ሲበርድ ምራቱ መልሳ ፍሙ ውስጥ ትከተዋለች፣ ባሏ ይነፋል፣ ሽማግሌው ይመታል። በስንተኛው ምት እንደሆነ እንጃ፣ ከአባቱ የወረሰው መዶሻ መሐል ለመሐል ተከፈለ። ልጁ ደንግጦ አባቱን አየ። አባቱ ግን ዐይኑ ከተሰበረው ላይ ሳይሆን ካልተሰበረው ላይ ነበር።

«ሌላ ድንጋይ አምጣ» አለ። «ቶሎ በል።»

ታላቋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጫፉ የሾለ፣ ክንድ የማይሞላ ነገር ፍሙ ላይ ተጋድሞ ነበር። ምራቱ ውኃ ጠየቀች። ባሏ ቅሏን አንሥቶ አመነታ።

«ለመጠጥ የቀረችን ይቺው ናት።»

«ስጣት» አለ አባቱ።

ውኃው ሲያገኘው ሹሉ ነገር ጮኸ። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ሽማግሌው አነሣውና በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ድንጋይን ሁሉ በድምፁ ነው የሚያውቀው፤ የትኛው ይሰነጠቃል፣ የትኛው ይታዘዛል። ይህኛው በቀጭኑ መለሰለት፤ ድምፁም ቶሎ አልሞተም። ሽማግሌው ደግሞ መታ አድርጎ አዳመጠው።

«ቋንቋው ሌላ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቀው።

ልጁ ሹሉን ይዞ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሽማግሌውና ምራቱ አፋፉ ላይ በደረታቸው ተኙ። ከታች የመጀመሪያው ምት ተሰማ። ሽማግሌው የለመደውን የመሰበር ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። ሁለተኛው ምት መጣ፤ ሦስተኛው። የምራቱን እጅ ጨብጦ እንደያዘ ያወቀው ያኔ ነው።

«ልጄ፣ እኔም በልቤ ከሰል ፈጅ ብዬሻለሁ።»

«በልብዎ ብቻ አልነበረም፣ አባባ።»

ሳቁ ሳይታሰብ አመለጠው። ገመዱ ተወዘወዘ፤ ሁለቱም ተረባርበው ጫፉ ላይ የታሰረውን ቅርጫት ሳቡ። ውስጡ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ጥቁር ስባሪ አለች። ሽማግሌው አንሥቶ ገለበጣት፤ አንደኛው ፊቷ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ብርሃን አላየም። ያንን ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ጣቱ ረጠበ።