የካርታው እብጠት

የካርታ ባለሙያው ያመጣው አዲሱ የክልሎች ወሰን ባህልን፣ ገበያንና የሕዝብ አሰፋፈርን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርድና አንዲት መንደር ላይ ሲደርስ ጆሮ ደግፍ እንደያዘው ጉንጭ ያብጣል።

«ይሄ ምንድን ነው? ተራራ ነው?» አሉ ኃላፊው።

«አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ወርቅ ተገኘ?»

«የእድር ድንኳን ነው። መስመሩ ቀጥ ካለ አባላቱ እዚህ ክልል፣ ድንኳኑና ድስቱ እዚያኛው ክልል ይቀራሉ።»

«ይቅራ! አገር በድስት ይሰመራል እንዴ? አቅናው!»

«አቅንቼው ነበር። የእድሩ ዳኛ ወዲያው እናቴን ከመዝገብ ሰረዙብኝ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናትህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ዘጠና ሁለት።»

ኃላፊው ማኅተሙን አንስተው ተነፈሱበትና እብጠቱ ላይ መቱት።