የማክሰኞ ባሕር

በዚያች የግሬናዳ ዓሣ አጥማጆች መንደር «ዋና አልችልም» ብሎ የሚናገር ሰው አይገኝም። ኮስሞስማ በሠርጉ ዕለት ሳይቀር «እኔ ከዓሣ ጋር ነው የተወለድኩት!» ብሎ ፎክሯል። ሙሽራዋ ኢስሜይም አልተሸነፈችም። «እኔ ደግሞ ዓሣዋን ዋና ያስተማርኳት ነኝ» አለች፤ እንግዳው በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ግን ሳቁ የለም። ማክሰኞ ማክሰኞ ጀልባው አሸዋው ላይ ተጎትቶ ይውላል፤ ኮስሞስ ግን እስከ አንገቱ ጨው ለብሶ፣ የኮኮናት ዘይት እየሸተተ ይመለሳል።

«የት ነበርክ?»

«መረብ ስጠግን።»

«መረቡ ዘይት ይቀባሃል እንዴ?»

«አንቺስ? ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ ስትመለሺ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ የምታወርጂው፣ ልትሸጪው የወሰድሽው የገውዝ ቅመም ዘንቢልም እንደሞላ የሚመጣው ለምንድነው? እኔ ጠየቅኩሽ?»

«ፀሐዩ ነዋ! ገበያውም ቀዝቅዟል። ወሬ አትቀይርብኝ!»

ሌላ ሴት ካለችው ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ልትገባ ቆርጣለች። ልብሷን እንኳ አጣጥፋ ጨርሳለች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጥታ ተከተለችው።

ኮስሞስ ከመንገዱ ወጥቶ በኮኮናት ዛፎቹ መሃል ቁልቁል ወረደ። ከታች ማዕበል የማይደርስባት ጠባብ የባሕር ዳርቻ አለች፤ ውሃዋ ሳህን ላይ እንደተቀመጠ የረጋ፣ ሰው ዝር የማይልባት። ኢስሜይ የሚያንሸራትተውን የዛፍ ሥር፣ እግሯ የለመደው ይመስል፣ ወደ ታች ሳታይ ተሻግራ ከግንድ ኋላ ተሸሸገች።

የባሏ ሸሚዝ ድንጋይ ላይ ተጥሏል፤ አጠገቡ የዘይት ጠርሙስ ቆሟል። እሱ ራሱ ውሃው ላይ በሆዱ ተኝቷል። ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ በሁለት እጇ ታቅፈዋለች።

«እንዳትለቂኝ! በእናትሽ እንዳትለቂኝ!»

«መቼ ለቅቄህ አውቃለሁ?»

ኢስሜይ የወደቀ ኮኮናት አንስታ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አንቺ! ዙሪ፣ መልክሽን ልየው!»

ባርኔጣው ዞረ። መንደሩ ሁሉ ታንቲ፣ አክስቴ፣ የሚላት ሜልዳ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሰባ አራት፣ ጥርሷ ሁለት። ደንግጣ እጇን ስታነሳ ኮስሞስ እንደ ድንጋይ ሰመጠ። ከዚያ እየሳለ ቆመ። ውሃው ወገቡ ድረስ ነበር።

«ዋና እያስተማረችኝ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ባሕር ላይ ስኖር አልችልም ነበር። እንዳትስቂብኝ ፈርቼ ነው የደበቅኩሽ።»

ኮኮናቱ ከእጇ ወደቀ። እፎይታዋ ሳቅ ሆኖ ወጣ።

«አንተ ዓሣ! ወይኔ ጉዴ! በዚህ ዕድሜህ እንደ ሕፃን ስትታቀፍ! ይሄን ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል?»

ታንቲ ሜልዳ ባርኔጣዋን አስተካከለች።

«ኧረ ተይው ኢስሜይ፣ ዛሬ የሱ ቀን ነው፤ ያንቺ ሐሙስ።»