ከርሞ ሲደርስ

እንቁ በአዲስ ዓመት ማለዳ ሶደሬ መዋኛ ገንዳ መሃል፣ ውኃው ደረቷ ደርሶ፣ የልጇን የሉሊትን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ቆማ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው፤ ከዚያች ዕለት በፊት ከጉልበቷ ያለፈ ውኃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ባሏ አብተው በሕይወት ሳለ በየእንቁጣጣሹ ከናዝሬት ይዟት ይመጣና፣ እሱ ሲዋኝ እሷ ልብሱን ታቅፋ ጠርዙ ላይ ትቀመጥ ነበር። "ነይ እንጂ፣ እኔ እይዝሻለሁ!" ይላታል ከመሃል ሆኖ። "ለከርሞ" ትለዋለች። ለከርሞ፣ ለከርሞ ሲባባሉ ሞት ቀደማቸው።

"እማዬ፣ ክንዴን ልቀቂና በጀርባሽ ተኚ። ከሥር ደግፌሻለሁ" አለች ሉሊት።

"ብሰጥምስ?"

"አትሰጥሚም።"

እንቁ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ጆሮዋን ውኃ ሞላው፤ የሰዉ ጫጫታ ራቀ፤ ለብ ያለው ውኃም ተሸከማት። እየፈራች ዓይኗን ወደ ጠርዙ መለሰች። እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ፊታቸው እንኳ በቅጡ አይለይም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት "ጥሎኝ የሚርቀው እሱ ነው" እያለች ስታኮርፍ ኖራለች። ለካስ ከዚህ ሆኖ ላየው የራቀችው እሷ ነበረች። እየደጋገመ የሚጠራት ዋና ሊያስተምራት ብቻ አልነበረም፤ ብቻውን ስለነበር ነው።

ሉሊት የእናቷን ፊት አይታ ደነገጠች። "ላውጣሽ?" አለቻት ጎንበስ ብላ።

"ተይኝ፣ አታውጪኝ" አለች እንቁ። "አባትሽ ጋ ገና አሁን መድረሴ ነው።"