የቁርባን ቀለበት

«ቀለበትሽን አውልቂ» አሏት አለቃዋ ጋሽ መልሰው።

ከጽጽቃ ከተማ በላይ ባለችው የኔትወርክ ጣቢያ ውስጥ ባትሪዎቹ ከነመደርደሪያቸው ተተክለው፣ የቀረው የመጨረሻውን ኬብል ማሰር ብቻ ነበር። ቴክኒሻኗ ሰዓቷን አውልቃ ኪሷ ከታለች፤ የመፍቻዋንም እጀታ በጥቁር ቴፕ ጠቅልላዋለች። ቀለበቱ ግን የቁርባን ነበር።

«መብራቱን አጥፍተነዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ባትሪውንስ ማን ያጠፋዋል? ብረት ከብረት ከተነካካ ጣትሽን ይዞት ነው የሚሄደው። ወይ አውልቂ፣ ወይ ውጪ።»

ከበሩ ውጭ አንዲት እናት ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። «ልጄን ከጅዳ ዛሬ ታሰሚኛለሽ አይደል?» እያሉ በየጊዜው ይጠይቃሉ።

ቀለበቱን ሳበችው፤ ከጣቷ አንጓ አላልፍ አለ።

«አምና ባሌን እንዲህ ቢያስገድዱት ኖሮ» አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «እንደዚያ ተቃጥሎ አይሞትም ነበር።»

ጋሽ መልሰው ከዕቃ ሳጥኑ መቁረጫ አወጡ። ቀና ብለው አላዩዋትም።

«አውልቅ ብዬው ነበር። ‹እንዳላወልቀው ሚስቴ በሚካኤል አስምላኛለች› ብሎ ለመነኝ። ተውኩት።»

ጣቷን ዘረጋችላቸው፤ ወርቁም በቀላሉ ተቆረጠ። ከዚያ መፍቻውን አንስታ ኬብሉን በልኩ አጠበቀችው። የመደርደሪያው መብራቶች አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ።

ጥቂት ቆይቶ ውጭ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ «ወዬ፣ ልጄ!» ብለው አለቀሱ፤ እያለቀሱም ወደ በሩ ዞረው መረቋት።

«ትዳርሽን ይባርክልሽ!»