ወደ ግራ የምትስበው ፒካፕ

ናዲር የፒካፗን ቁልፍ ዘርግቶ «ያላ፣ ጋሼ ተድላ፣ አንተ ሞክራት» ሲለው ተድላ ቁልፉን መንጭቆ ተቀበለው። ይህችን አሮጌ መኪና ባሕሪ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት እየጠጋገነ ያቆያት መካኒክ እሱ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝባት ወደ ግራ መሳቧን ብቻ ሊያስተዋት አልቻለም። ባለቤቷ አብደልራሒም ታዲያ ሳይነግረው የፊት እግሯን በሙሉ ከተድላ ጋራዥ አጠገብ በሚሠራው በወጣቱ መካኒክ በናዲር አስቀየረ፤ የፍሬን ታምቡሯም ወጥቶ ዲስክ ገባላት። አሁን ጥላ ሥር ቆሞ «ተስለም ኢዴክ!» እያለ የናዲርን እጅ ይመርቃል። ያ ምርቃት ድሮ የተድላ ነበር።

ተድላ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ፒካፗ የመንገዱን ጉድጓድ ሳትንገጫገጭ አለፈችው፤ ይሄም አናደደው። «እባክሽ አታሳፍሪኝ፣ አንዴ ብቻ ሳቢ» ብሎ በልቡ ለመናትና ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ወደ ቀኝ እጥፍ ብላ፣ ለመንገደኛ መጠጫ ውሃ ተሞልቶ የተቀመጠው የሸክላ ጋን፣ ዚሩ ጋ ልትደርስ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ፤ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አየህ፣ አብደልራሒም? ከግራ ወደ ቀኝ አዞረልህ!»

ናዲር ሮጦ መጥቶ ጎማዎቹን አየ። ከዚያ በመስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በዝግታ፣ «ጋሼ፣ እጅህን እይ» አለው።

ተድላ አየ። ሁለቱ እጆቹ፣ ድሮ ወደ ግራ ስትስብ እንደሚመልሷት፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዘው ይዘውት ነበር።