ከደወሉ በፊት የተወለደው

የቅርጫት ኳስ ሊጉ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ቀድሞ ደውሎ ነበር። ኦዴሳ ፕሩት ከንጋት ጀምራ አንዱን ጠረጴዛ አራት ጊዜ ወለወለችው።

«እማ፣ ጠረጴዛው ምን በደለሽ?» አላት ልጇ ጃቫሪስ። ሶፋው ስለማይበቃው ቀኝ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቷል፤ ጉልበቱ ላይ በረዶ ታስሯል።

«ዝም በልና ሸሚዝህን ቀይር።»

ደንቡ አጭር ነው። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚወስዱበት በሊጉ ምርጫ የሚቀርብ ሰው ምርጫው በሚካሄድበት ዓመት ውስጥ፣ በመጨረሻዋ ቀን እንኳ ቢሆን፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት መሙላት አለበት። የጃቫሪስ የልደት ወረቀት ዲሴምበር 31 ይላል። ልጁ ያን ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በፊት ተወልዶ ከሆነ ዘንድሮ ጁን ላይ ይመረጣል። ካለፈ ግን፣ በአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ሌላ ዓመት ለኮሌጁ ቅርጫት ኳስ መጫወት አለበት፣ ያውም ጅማቱ ሁለት ጊዜ በተበጠሰ ጉልበት። ሐኪሙ ሦስተኛ ጊዜ ከተበጠሰ መጠገን እንደማይችል ፊት ለፊት ነግሯቸዋል።

ሊጉን ያጠራጠረው ወረቀቱ ነው። የተመዘገበው ማርች ላይ፣ በአንዲት አዋላጅ ቃል ብቻ ነበር። ያን ሌሊት የበረዶ ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ኦዴሳ ያማጠችው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው፤ ምእመናኑ ላይ ሆነው የአዲሱን ዓመት የእኩለ ሌሊት ደወል በጸሎት ሲጠብቁ። አዋላጇ ከሞተች ሰነበተች። በከተማው ስለዚያ ሌሊት የሚያወራ ሰው የለም።

ሚስተር ዊትኮም በሰዓቱ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ኦዴሳን ይበልጥ አስፈራት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ደረቱ ጋ የምትደርሰውን ሴትዮ፣ ቀጥሎም ጣሪያ ሊነካ ምንም የማይቀረውን ልጅ ተመለከተ።

«ቁመቱን ከማን ነው የወሰድከው?»

«ከአክስቴ ከቨርሊን» አለ ጃቫሪስ እየሳቀ። «ቺካጎ ነው ያለችው፤ እኔ በተወለድኩ ሰሞን ነው የሄደችው። በቁመት ማንም አይደርስባትም፤ ቀን መቁጠር ግን አልሆነላትም። የልደት ካርዷ በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እማም ኬክ የምትጋግርልኝ ካርዱ ሲደርስ ነው፤ አንድ ላይ እንዲሆን ብላ።»

ዊትኮምም ሳቀ። «ያን ሌሊት እዚህ ነበሩ አክስትህ?»

«ቺካጎ ናት» አለች ኦዴሳ።

«አሁን ሳይሆን ያኔ ማለቴ ነው።»

«እሷ የምታውቀው ነገር የለም። አትደውልላት።»

ሰውየው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ኦዴሳ ምን እንደጻፈ ለማየት አንገቷን ልታሰግግ ፈልጋ ተወችው።

«እንግዲያው የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ልይ» አለ።

«አሮጌ መዝገብ ነው እኮ። አይጥም በልቶት ይሆናል።»

«የተረፈውን አያለሁ።»

ዊትኮም በራሱ መኪና ሲከተላቸው ጃቫሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው እንዴ የተወለድኩት?» አላት።

«ቀበቶህን እሰር» አለችው። ፈርታለች። ይህን ሁሉ ዓመት የገነባችው ነገር በአንድ ገጽ ሊናድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ መኪናዋን እንደ ልማዷ ከመቃብሩ ራቅ አድርጋ አቆመች።

ዲያቆን ተርማን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። መዝገቡን ይዘው ቢሯቸው ውስጥ ይጠብቁ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት ዊትኮምን፣ «ሊጋችሁ የኳስ ነው ወይስ የሰዓት?»

«የሁለቱም ነው፣ ዲያቆን።»

«በእኔ ጊዜ ኳሷን ቀለበቱ ውስጥ ማግባት ይበቃ ነበር።»

መዝገቡን ቀስ ብለው ገለጡ። ግራ እጃቸውን በቀኙ ገጽ ላይ አጋደሙት፤ እጃቸው ሰፊ ነው፣ ገጹን እንዳለ ሸፈነው። በቀኝ ጣታቸው የግራውን ገጽ የመጨረሻ መስመር እያሳዩ አነበቡ።

«‹ዲሴምበር 31። ኦዴሳ ፕሩት ወንድ ልጅ ወለደች። ደወሉ ሊደወል አስራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው።›»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ፣ በዚህ እጄ። ደወሉንም የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ዊትኮም ጎንበስ ብሎ ቀለሙን መረመረ። አልተፋቀም፣ አልተደለዘም። በስልኩ ሁለት ፎቶ አነሳ። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ አየ።

«ያኛው ገጽስ?»

ኦዴሳ ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ያ የሚቀጥለው ዓመት ነው» አሉ ዲያቆኑ፣ እጃቸውን ሳያነሱ። «አንተ የመጣኸው ለአሮጌው ዓመት አይደል?»

ዊትኮም ፈገግ አለና ቦርሳውን ዘጋ። «ልክ ነዎት። ለእኔ ይሄ በቂ ነው።» ለጃቫሪስ እጁን ዘረጋለት። «ጁን ላይ እንገናኛለን።»

ጃቫሪስ እናቱን ከመሬት አንስቶ አቀፋት። እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር። «ከደወሉ በፊት ነው እማ! አስራ ሁለት ደቂቃ!» አውርዷትም ለአሰልጣኙ ሊደውል እያነከሰ ወጣ። የዊትኮም መኪና ጠጠሩን እያንኳኳ ራቀ።

ኦዴሳ ግን ቆማ ቀረች። ዓይኗ ከዲያቆኑ እጅ አልተነሳም።

«ሄደ?» አሏት።

«ሄደ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከገጹ ላይ አነሱ።

«ጃንዋሪ 3። ዲሴምበር 31 የተወለደው የኦዴሳ ፕሩት ልጅ ተቀበረ።»