የላዳን ሚስኮል

"ኧረ አቦ ኡባህ! የሞተ ሰው ስልክ አይደውልም! ካሳውን ተቀበይና ይቅር በይ!"

ወንድሟ ዒልሚ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ሻሽ የምትሸጥበት ድረስ መጥቶ...

ልጇ ላዳን ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዋ ልጅ ገደላት። እዚያው ተቀበረች። እናት ሬሳዋን እንኳ አላየችም...

ገዳዩ ታስሯል። ቤተሰቦቹ ግን "የደም ካሳ እንክፈል፣ እናቲቱ ይቅር ትበልና ይፈታልን" ብለው ሽማግሌ ላኩ።

ኡባህ እምቢ አለች።

ላዳን በሕይወት ሳለች ጁምዓ ጁምዓ ሚስኮል ታደርግ ነበር። "ደህና ነኝ" ማለት ነው። ከተነሳ የልጅቱ ካርድ ይበላል... ኡባህ አንስታ አታውቅም።

ላዳን ከተቀበረች በኋላም ጁምዓ ሲደርስ...

ስልኩ ይጠራል።

በላዳን ቁጥር!

መልሳ ስትደውል ዝግ ነው።

ሰው "ሐዘን አዞራት" አለ። እሷ ግን "ልጄ ደህና ነኝ እያለችኝ ደሟን እንዴት እበላለሁ?" ትላለች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ዒልሚ አጠገቧ ቁጭ አለ።

ጠራ...

"አንሺው!"

"ካርዷ ቢያልቅባትስ?"

"የሞተ ሰው ካርድ?! አንሺው አልኩሽ!"

አነሳችው።

"ላዳን?"

ትንፋሽ ብቻ... ከዚያ ሹክሹክታ፦

"ሆዮ... እናቴ... ላዳን አይደለሁም። ኒምኮ ነኝ፣ በእሷ ቦታ የመጣሁ። ስልኩን ፍራሿ ውስጥ አገኘሁት። 'እናቴ' የሚል ቁጥር አለው... ጁምዓ ወንዶቹ መስጊድ ሲሄዱ እደውላለሁ። ቆልፈውብኛል፣ ይደበድቡኛል... ለምን አታነሺም ነበር ሆዮ?"

ተቋረጠ።

ኡባህ ያኔውኑ ሽማግሌዎቹን ጠራች።

"ብሩን አልፈልግም። ካሳዬ ያቺ ልጅ ናት! እሷ ድሬ ሳትገባ ይቅርታ ከአፌ አይወጣም!"

የገዳዩ ቤተሰቦች እሺ አሉ። ኒምኮ መጣች። ያን የላዳንን ስልክ ኡባህ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ኡባህ ይቅር አለች፤ ገዳዩም ተፈታ።

ጁምዓ ደረሰ። ሶላቱ አለቀ። ኡባህ የራሷን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች...

አልጠራም።

ላዳን መሞቷን ያን ቀን አመነች። ኒምኮ ደረት ላይ ተደፍታ አነባች... እስኪመሽ።

ወገኖቼ፣ ካሳ የሞተን አይመልስም። በቁም ያለችውን ካስመለሰ ግን ካሳ ነው። የሰው አገር ያለች ልጅ ሚስኮል ካደረገች አንሱላት... ካርዱ ይለቅ! በሰው እጅ ያሉትን ሁሉ ፈጣሪ ያውጣልን። አሜን በሉ።

ኡባህ የልጇን ገዳይ አስፈትታ የሰው ልጅ አተረፈች...

እናንተ ብትሆኑ ይቅርታው ከአፋችሁ ይወጣ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ።